ግራኟ እንሰት ፋቂ

የቀለምና የተልባ ዘይት ሽታ ሲሸተኝ፣ ዛሬም አንዲት ቅቤ ሻጭ ትዝ ትለኛለች። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሶዶ፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሥዕሎቼን ሰቅዬ ሳለ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤዋን ታቅፋ ገባች። እግሯ ጭቃ ነው፤ ነጠላዋ ግን ጉድፍ የለበትም።

«መምህር፣ ይቺ ላም ጡት የላትም! ሚስትህ ምን ታልባለች?» አለችኝ፣ የላም ሥዕሌ ፊት ቆማ እየሳቀች። ቀጥሎ የተራራውን ሥዕል አየች። «ዳሞታ ነው? ምነው ከሳ?»

እንሰት የምትፍቀው ልጃገረድ ሥዕል ፊት ስትደርስ ግን ሳቋ ቆመ። እንዲያምር ብዬ የቀርከሃ መፋቂያውን በግራ እጇ አስይዣት ነበር።

«የኔም ልጅ ግራኝ ናት። ከጠፋች ሦስት ዓመቷ። የት አየሃት?»

«ከሐሳቤ ነው የሣልኳት፣ እማማ።»

ቅቤ የነካው ጣቷን በልጅቷ ጉንጭ ላይ አሳረፈች።

«እንግዲያስ ሐሳብህን ጠይቅልኝ፤ የት ነው ያለችው?»

ሳትሰናበተኝ ወጣች።