ኬብሉ አልነበረም

ለንደን የገባሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። በአዘቦት ቀን ኤድመንተን ካለ መጋዘን ዕቃ እጭናለሁ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ አርችዌይ በተከራየነው አዳራሽ የቤተ ክርስቲያናችንን የድምፅ መሣሪያ እዘረጋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ኬብሉን ጠቅ እስኪል ማይኩ ላይ እሰካለሁ፤ ሌላውን ጫፍ ሚክሰሩ ላይ ሰክቼ ድምፁን ከታች ቀስ እያልኩ እከፍታለሁ። ማይክ ወደ ስፒከር ከዞረ እንደሚያፏጭ ያወቅኩት ምእመኑን ጆሮ አስይዤ ነው።

ከዘማሪዎቻችን አንዷ ባተርሲ የሚኖሩ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ነበሩ። እትዬ እላቸው ነበር። እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም፤ ቢሮ ያጸዳሉ። እሁድ በሁለት አውቶቡስ መጥተው ከሁላችን ቀድመው በር ላይ ይቆማሉ። ሲዘምሩ ማይኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር አርቀው ይይዙታል፤ እንዲያም ሆኖ ድምፃቸው አዳራሹን ይሞላ ነበር።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ መዝሙር መሃል ላይ ድምፃቸው ተሰነጣጠቀ። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጥተው ማይኩ እየቆረጠባቸው እንደሆነ ነገሩኝ። በሚቀጥለው እሁድ ኬብሉን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሌላ ቻናል ላይ ሰካሁት፤ ያው ነው። ማይኩንም ለወጥኩ። በመጨረሻ እሳቸው የያዙትን ማይክ ከነኬብሉ ለሌላ ዘማሪ ሰጥቼ አዳመጥኩ። ጥርት ብሎ ወጣ።

ችግሩ ከድምፃቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እትዬ ግን ፊት ለፊቴ ቆመው መልስ ይጠብቃሉ።

"ኬብሉ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው። "አዲስ እናስመጣለን።"

ፊታቸው ፈካ። እኔም ክብራቸውን የጠበቅኩላቸው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ እሳቸው መድረክ ሲወጡ ድምፁን ከፍ አደርግላቸዋለሁ፤ ማይኩን ወደ ከንፈራቸው እንዲያስጠጉት እነግራቸዋለሁ። ስፒከሩ ሲያፏጭ ሰው ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ጥፋቱን በራሴ እቀበላለሁ።

ብርዱ ሲገባ ምግብ መዋጥ አቃታቸው። ሐኪማቸው መርምሮ ወደ ሆስፒታል ላካቸው፤ እኔም ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ሄድኩ። ጉሮሯቸው ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል። ዶክተሯ ድምፃቸው መቼ እንደተለወጠ ጠየቀች።

"ድምፄስ ደህና ነበር" አሉኝ እትዬ። "የተበላሸው የቤተ ክርስቲያኑ ኬብል ነው በላት።"

ይህን በእንግሊዝኛ ማለት አልቻልኩም። ለዶክተሯ ከፋሲካ ጀምሮ እንደሆነ ነገርኳት። በጽዳት ሥራ የለቀሟት እንግሊዝኛ ለዚች አላነሰቻቸውም፤ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

አውቶቡስ ላይ ስንቀመጥ ወደ እኔ ዞሩ።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ እትዬ።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። "ብትነግረኝ እሰማህ ነበር" አሉ።

ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዶክተሯን ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም። ቀዶ ጥገናው ነፍሳቸውን አተረፈ፤ ድምፃቸውን ግን ወሰደው። ካገገሙ በኋላ እሁድን አላስታጎሉም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሌላው ሲዘምር ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ከሚክሰሩ ጀርባ ሆኜ ቀና ብዬ ማየት ይከብደኝ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ከዚያ በፊት ቤታቸው ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። እጄን ያዝ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይቅር ብለውኝ ይሁን ደክሟቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።