ጥርስ የነከሰችው ፀጉር ሠሪ

ፀጉር ሠሪዋ ወረቀቱን ያነበበችው አንዲት ደንበኛ ካስክ ሥር ተቀምጣ ፀጉሯ እስኪደርቅ ስትጠብቅ ነው። የፀጉር ሠሪዋ ባል ጠዋት ልጃቸውን መዋዕለ ሕፃናት አስመዝግቦ ሲመለስ መስታወቱ ሥር ጥሎላት ሄዶ ነበር። «ልጅዎ ትምህርት ከመጀመሯ በፊት» ይላል፣ «ብቻዋን መጸዳጃ ቤት መግባት፣ የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ፣ የምሳ ዕቃዋን መክፈትና መዝጋት፣ ሙሉ ስሟን መናገር ትለማመድ። ወላጅም ከልጁ መለየትን ይለማመድ።» በዚች በመጨረሻዋ ሳቀች። ዓይኗ ወደ ፊርማው ወርዶ የርዕሰ መምህርቷን ስም ሲያይ ግን ሳቁ አፏ ላይ ደረቀ።

እትዬ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥርሷን የነከሰችባት እትዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጉር ሠሪዋ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እትዬ የምታስተምረው ክፍል ውስጥ ቅማል ገባ ተባለ። ቅማል የሀብታም ራስ የድሃ ራስ ብሎ አይመርጥም፤ እትዬ ግን መረጠች። የባለሱቁንና የሐኪሙን ልጆች «ቤታችሁ ታጠቡ» ብላ ሸኘቻቸው። እሷን፣ የልብስ አጣቢዋን ልጅ፣ ግን ሰሌዳው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ወረቀት በምትቆርጥበት ዶልዱም መቀስ ፀጉሯን እስከ ሥሩ አጨደችው። ልጆቹ ሳቁ። እትዬም አብራ ሳቀች፤ «በሉ መላጢትን እንዳትነኳት» አለች። ፀጉሩስ በዓመቱ አደገ፤ «መላጢት» የሚለው ስም ግን ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተከተላት።

ይሄም ቢሆን ይረሳ ነበር። ያልተረሳው የእናቷ ነገር ነው። እናቷ በማግስቱ ሳሙና የላጠው እጇን አጣምራ እትዬ ፊት ቆመችና አንገቷን ደፍታ፣ «ስለደከሙልን እግዜር ይስጥልን» ብላ አመሰገነች። ልጅቱ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከታች ወደ ላይ ታይ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰው ለምን ፀጉር ሠሪ እንደሆነች ሲጠይቃት «እጄ ቀላል ስለሆነ» ትላለች። እውነቱን የነገረችው ለባሏ ብቻ ነው። ባሏ በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከእሳት ጋር ስለሚውል ነው መሰል ቤቱ ሲገባ እሳት አይወድም።

«እንግዲያው ሌላ ቦታ እናስገባት» አላት።

«ሌላው ሁለት ታክሲ ነው። ደሞስ ለምን? እኔ ነኝ የምሸሸው?»

«ሴትዮ፣ ልጅቷን የምንልካት ትምህርት ቤት ነው ጦር ሜዳ?»

«የትም ይሁን፣ ተዘጋጅታ ትሄዳለች።»

ልጅቱን የፀጉር ቤቱ ደንበኞች ሁሉ «ቃሪያ» ነው የሚሏት፤ ቀጭን ናት፣ ታቃጥላለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን በአራት ቀን ተማረችው። የምሳ ዕቃውን እየከፈተች እየዘጋች ክዳኑን አላላችው፤ ሙሉ ስሟንም ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ ለፖስተኛውም ጭምር፣ ስትናገር ሰነበተች። አምስተኛው ቀን ላይ እናቷ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ትምህርት ጀመረች። ለመለማመጃ የምትጠቀምበትን የፕላስቲክ ጭንቅላት ወደዚያ ገፋ አደረገችና ቃሪያን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

«አንድ ሰው ፀጉርሽን ሊነካ ቢመጣ ምን ትያለሽ?»

«አይሆንም።»

«አልሰማሁም።»

«አይሆንም!» ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ ሳትቀር ደነገጠች።

«እሺ ካላለስ?»

«ለእማዬ እነግራለሁ።»

«እማዬ እዚያ የለችም። ሥራ ላይ ናት።»

ቃሪያ እግሮቿን እያወዛወዘች አሰበች። «እነክሰዋለሁ?»

እዚህ ላይ እናት የሆነች ሰው የምትለው ነገር ይታወቃል። ፀጉር ሠሪዋ ግን እሱን አላለችም። «ጎበዝ!» ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

የዚያን ዕለት አባት ከሥራ ሲገባ እንደ ልማዱ የልጁን ራስ ሊዳብስ እጁን ሰደደ። ሁለት ረድፍ የጥርስ ምልክት ይዞ መለሰው። «እሳት ያልነካኝን!» አለ እጁን እያራገበ፤ «ይሄ ልጅ ማስተማር ነው ዘበኛ መቅጠር?»

እናትየው ራሷም አላረፈችም። የደንበኛ ፀጉር ስታጥብ ለእትዬ የምትለውን በልቧ ትደረድራለች፤ «ያስታውሱኛል?» ብላ ትጀምርና ንግግሩ እየጋለ ሲሄድ ውሃውም አብሮ ይግላል፤ ሦስት ደንበኞች «አቃጠልሽኝ እኮ!» ብለው ጮኸውባታል።

ቅዳሜ የወላጆችና የልጆች መለማመጃ ቀን ሆነ። ሠላሳ የሚሆኑ ወላጆች የልጅ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀመጡ። ልጆቹን ጥግ ላይ ከአሻንጉሊቱ ጋር አንዲት ወጣት መምህርት ይዛቸዋለች። ፀጉር ሠሪዋ የራሷን ፀጉር ሦስት ሰዓት ሠርታ፣ ቁመቷ ላይ አንድ ስንዝር ጨምራ መጥታለች። በሩ ተከፈተ። ግንብ የምታክል እትዬን ስትጠብቅ አንድ እግሯን የምትጎትት አጭር አሮጊት ገባች። ለአፍታ የፀጉር ሠሪዋ ልብ ሊራራ ቃጣው። ያኔ ዓይኗ ሥራውን ሠራ፤ ከአሮጊቷ ጆሮ በላይ ያለው የፀጉር መስመር ትንሽ ተነስቷል። ሁለት የፀጉር ሽቦ ነው የያዘው። ዊግ ነው፤ ያውም ርካሹ። ማውለቁ ለእሷ እጅ የሁለት ጣት ሥራ ነው። ደሟ ፈላ።

«እኔ በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ» ትላለች እትዬ ከፊት ቆማ፤ «አንድም ልጅ ከእጄ ተከፍቶ አልወጣም።»

ፀጉር ሠሪዋ ተነሳች። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሁለት። እትዬ ሰው የሚጠይቃት መስሏት ፈገግ አለች። በዚያች ቅጽበት ከልጆቹ ጥግ ጩኸት ተሰማ። ወጣቷ መምህርት እጇን ይዛ ቁጢጥ ብላለች፤ ከጣቷ ሥር ደም ይታያል። ፊት ለፊቷ ቃሪያ ቡጢዋን ጨብጣ ቆማለች።

«የማናት ይቺ?» አለች እትዬ። «ማነው እንዲህ ያሳደጋት?»

«እኔ ነኝ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ወደ ቢሮ ገቡ። እትዬ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስለ ሥነ ሥርዓት ልትጀምር ስትል ሌላዋ ቀደመቻት።

«ያስታውሱኛል?»

እትዬ መነጽሯን አስተካከለች። «ስንት ልጅ አልፏል በእጄ፣ የኔ ልጅ።»

«የልብስ አጣቢዋ ልጅ ነኝ። ክፍል ፊት ፀጉሬን የላጩኝ።»

«እ... ያ የቅማል ጊዜ?» እጇን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አወዛወዘች። «ኧረ ስንቱን ላጭተናል! ለእናንተው ብለን ነበር እኮ። እንዲያውም አንዳንድ እናቶች መጥተው አመስግነውኛል።»

ይሄን ባትል ኖሮ ምናልባት ነገሩ በቃል ብቻ ያልቅ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ በሩን ዘጋች። ደንበኛ እንደምትሠራ ሁሉ ከወንበሩ ኋላ ዞራ ቆመችና እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። እትዬ ልትነሳ ሞከረች።

«ቁጭ በይ።»

«እርስዎ» ማለቱ እዚያ ላይ አለቀ። የግራውን ሽቦ በሁለት ጣት ስባ አወጣችው። ዊጉ በግራ በኩል ላላ አለ።

«ውጭ ሠላሳ ሰው አለ» አለች ጆሮዋ ሥር፣ በቀስታ። «በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ይሄን አንስቼ በሩን ብከፍተውስ? ለአንቺው ብዬ።»

የእትዬ ሁለት እጅ ራሷ ላይ ወጣ። «እባክሽ ልጄ...»

«ልጅሽ አይደለሁም። ስሜ ማነው?»

እትዬ አንገቷን አዙራ ፊቷን አየቻት።

«ስሜ መላጢት ነበር። ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ።»

«ይቅርታ» አለች እትዬ።

«ለእናቴም።»

«ለእናትሽም።»

የፍርሃት ይቅርታ ነበር። ፀጉር ሠሪዋም አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ጣፈጣት፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ እንደ ማር ጣፈጣት። ሽቦውን አልመለሰችላትም። ኪሷ ከትታ፣ በሩንም ሳትዘጋው ወጣች።

ወጣቷ መምህርት ግቢው ውስጥ ቧንቧ ከፍታ እጇን ትታጠባለች። ቃሪያ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ተቀምጣለች፤ እናቷን ስታይ ወጣች።

«እማዬ፣ አይሆንም ብያት ነበር። አልሰማችኝም።» ቀና ብላ አየቻትና፣ «ጎበዝ በይኝ እንጂ» አለቻት።

የቅድሙ ማር አፏ ውስጥ ሬት ሆነ። መምህርቷ ጋ ሄዳ እጇን አየችው፤ ጥርሱ ጠልቋል።

«የፀጉር ማስያዣዋ ተንሸራቶ ዓይኗ ውስጥ ሊገባ ሆኖብኝ ነው» አለች መምህርቷ። «ዝም ብዬ ከመንካቴ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ! እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

«ገምቻለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ በራሷ እንዲህ አትጨክንም።» እጇን በመሐረብ ጠቀለለችው። «ሰኞ ይዘዋት ይምጡ። ግን እርስዎም አብረዋት ይቆያሉ፣ አንድ ሳምንት። እርስዎም ገና አልተዘጋጁም።»

ከደንበኛ ቢሆን ይሄን ንግግር ሳትመልስ አታልፈውም ነበር። አሁን ግን «እሺ» አለች።

ያን ሳምንት ፀጉር ቤቱ ከቀትር በኋላ ብቻ ተከፈተ። ጠዋት ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ትንሿ ወንበር ላይ ተጣጥፋ ከልጆቹ ጋር ታጨበጭባለች። ልጆቹ ቃሪያን ይሸሿታል። አንዱ ደፋር መጥቶ «ትናከሳለች?» ብሎ እናትየውን ጠየቃት፤ ስለ ውሻ እንደሚጠይቅ ሰው። በሳቅ ልታሳልፈው ፈልጋ አልሆነላትም። እሷም በዚያ ዕድሜዋ እንዲሁ የምትሸሽ ልጅ ነበረች። አሁን ልጇን ያሸሸቻት ግን እትዬ ሳትሆን እሷ ናት። ቤት ሲገቡ አዲስ ትምህርት ጀመሩ፤ «መጀመሪያ ‹ምን ልታደርጊ ነው?› ብለሽ ጠይቂያት። መልሱ ካልጣመሽ ‹አይሆንም› በይና ሮጠሽ ራቂ። ጥርስሽ ግን ለዳቦ ነው።»

ሐሙስ ቃሪያ ወረቀት ስትለጥፍ ሙጫው ፀጉሯ ላይ ፈሰሰ። መምህርቷ ቀረብ ብላ ቁጢጥ አለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለቻት ቃሪያ።

«ሙጫውን ላወጣልሽ። ልንካው?»

ቃሪያ እናቷን አየች። እናቷ እጇን ጭኗ መሃል ቀበረች፤ እሷ ራሷ ተነስታ ብታወጣላት በወደደች።

«ትንሽ» አለች ቃሪያ።

መምህርቷ በታሰረ እጇ ሙጫውን አንድ በአንድ አወጣችላት። ዓርብ ዕለት ቃሪያ በሩ ላይ ዞራ፣ «እማዬ፣ አንቺ ሂጂ በቃ፤ ደንበኛ አለሽ» አለቻት።

እትዬስ? እትዬን ይቅር አላለቻትም። ባሏ «አስለመንሻት፣ ከዚህ በላይ ምን ቀረሽ?» ይላታል። እሷም ምን እንደቀራት አታውቅም። ጠዋት ጠዋት እትዬ በሩ ላይ ቆማ ወላጆችን ሰላም ትላለች፤ አሁን ሻሽ ደርባበታለች፣ አጥብቃ አስራ። «እንደምን አደሩ» ትላታለች ፀጉር ሠሪዋን፣ በ«እርስዎ»። ፀጉር ሠሪዋም «ደህና አደርሽ» ብላ ትመልስላትና ዓይን ዓይኗን ሳይሆን ከጆሮዋ በላይ ያለችውን ያቺን መስመር ታያለች። የእትዬ እጅ ሳታዝዘው ወደ ራሷ ይወጣል። ፀጉር ሠሪዋ እጁ እስኪወርድ ድረስ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ልጇን ለመምህርቷ ሰጥታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።