መቀስ የነካው ድንች

የሰፈሩ ሰው ስሙን ረስቶ «ሜትሬ» ነበር የሚለው። አርባ ዓመት ሙሉ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁን ከዘጋ በኋላ እንኳ ሜትሩ ካንገቱ አልወረደም፤ መቀሷም ከደረት ኪሱ አልተለየችም። ከአመሎቹ ሁሉ የከፋው ክር ነበር። የማንም ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር ካየ እጁ አያርፍም። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ከፊቱ ከቆመው ሰውዬ ኮት ላይ ክር ቆርጦ፣ ሐዘንተኛው ሁሉ ዞሮ ጉድ ብሎታል።

ሚስቱ ደግሞ የጓሮ ሰው ናት። ከቤቱ ጀርባ ያለችው መሬት ስምንት ሜትር በስድስት ነች፤ መቼም የለካው እሱ ነው። ከዚያች ቁራሽ መሬት ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ቀይ ሥሩን፣ ቃሪያውን ታወጣለች። የጓሮው ጌታ ግን ድንቹ ነበር። ስትዳር ከእናቷ ጓሮ በመሐረብ ቋጥራ ያመጣችው ነው፤ ቆዳው ቀላ ያለ፣ አበባው ወይን ጠጅ። በየዓመቱ ስትቆፍር ትልልቁን ለምግብ፣ እንቁላል የሚያህለውን ለዘር ትለያለች። ዘሩን በጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን ደርድራ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ፀሐይ ሳይነካው ብርሃን ብቻ ከሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲሆን እሱ ያንን ሣጥን አንድ ቀን ነክቶ አያውቅም። «አንተ ጨርቅህን፣ እኔ አፈሬን» ትለው ነበር።

የመትከያው ጊዜ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ስትሮክ ጣላት።

ከሆስፒታል ስትመለስ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ ብለዋል። አንደበቷም ተሳስሯል፤ ከዚያ ሁሉ ቃል የቀሩላት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ «እሺ» እና «ተው»። ሐኪሙ ልጃቸውን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ሕመሙ ከተመለሰ እንደማትተርፍ ነግሯታል። ልጅቷ ያንን ለአባቷ ስትነግረው፣ እንዳልሰማ ሰው ጨርቅ አንሥቶ መስኮት መወልወል ጀመረ።

ሚስቱ አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮቱ ጓሮውን ታያለች፤ ከዚያ እሱን ታያለች፤ መልሳ ጓሮውን። ገባው።

«ድንቹን ነው? በቃ እኔ እተክልልሻለሁ፤ አታስቢ» አላት።

ብዙ ካየችው በኋላ «እሺ» አለች። በትዳራቸው ዘመን እንደዚያ የከበደ እሺ ሰምቶ አያውቅም።

በማግስቱ ማለዳ ዕቃ ቤት ገብቶ ሣጥኑን አወረደ። ስድሳ አራት ድንች ነው። ቆዳቸው ወደ አረንጓዴ አድልቷል፤ በያንዳንዳቸው አናት ላይ ደግሞ አጠር፣ ወፈር ያለ ወይን ጠጅ ነገር ተንጨፍርሯል። ክሩ ጨርሶ ያልተለቀመ ስፌት መሰለው።

«አይ እመቤት፣ ብትታመሚ ጊዜ እንዲህ ተዝረከረኩብሽ?» አለ ለራሱ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና መቀሷን አወጣ። አንድ በአንድ ከሥሩ ቆረጠው። የተቆረጠውን አጥርቶ ጠራረገና ድንቹን በእርጥብ ጨርቅ አብሶ፣ ስምንት በስምንት ደረደረው። ሲጨርስ ሁሉም እንደ አዲስ የካፖርት ቁልፍ ያበራ ነበር። ደስ ብሎት ሣጥኑን አልጋዋ ድረስ ተሸክሞ ገባ።

በግራ እጇ አንዱን አነሣች። በአውራ ጣቷ የተቆረጠውን ቦታ ዳበሰችው። አስቀምጣ ሌላ አነሣች። ከዚያም ሌላ።

«ተው» አለች። «ተው… ተው…»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምን እንዳጠፋ የነገረው ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር ነው። ሾፌሩ በአጥሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ ወሬ መጠየቅ የሚወድ ሰው ነበር።

«ሜትሬ፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ? ድንቹ ሱሪ ጠበበኝ አለህ እንዴ?»

«አትቀልድ አንተ ሰው። ክሩን አጸዳሁላት፤ ከዚያ ወዲህ ፊቷን አዞረችብኝ።»

«የምን ክር?»

ሰፊው አስረዳው። ሾፌሩ ክንዱን ከአጥሩ አነሣ።

«ቆረጥከው? አንተ ሰውዬ፣ እሱ እኮ ጉንቁሉ ነው! ግንዱም ቅጠሉም ከዚያ ነው የሚወጣው። አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ እያልክ ሰፈሩን ስታስተምር ኖረህ…» ብሎ ሊቀጥል ሲል የሰፊውን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምናልባት የድንቹ ሌላው ዓይን፣ ያ ጎድጎድ ያለው፣ ይነቃ ይሆናል። ደካማ ነው የሚሆነው፤ ግን አንዳንዱ ይነቃል። እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ ሚስቴ ስትል የሰማሁትን ነው።»

ልጅቷ ነገሩን ስትሰማ ብዙም አልደነገጠችም። ከሥራ ስትመለስ ከገበያ አንድ ዘንቢል ድንች ይዛ መጣች፤ ቆዳው ቀላ ያለውን መርጣ፣ ጉንቁል ያወጣውን።

«ይሄን ትከል፤ እማዬ አትለየውም» አለችው በሹክሹክታ።

«ሲያብብ ነጭ ቢሆንስ?»

«አባዬ ደግሞ! እስከዚያ እኮ…»

እሱ እንድትጨርሰው አልጠየቃትም። ዘንቢሉን ሲያየው ቆየ። ቀላል ነበር፤ ተክሎ ዝም ማለት ነው። ሚስቱ በመስኮት ቅጠል ታያለች፤ ደስ ብሏት ትኖራለች፣ የምትኖረውን ያህል።

«የአንዱን ደንበኛ ልብስ ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እሷ ላይ አልጀምርም። ይሄን ቀቅለሽ ብዪው።»

ሚስቱ ዘንድ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ጉንቁል መሆኑን አላወቅኩም። ክር መስሎኝ ነው» አላት። «አጠፋሁ።»

አልዞረችም። እሱ ግን የስፌት መኪናውን እየገፋ መስኮቷ አጠገብ አስጠጋና ሣጥኑን በላዩ አስቀመጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ሣጥኑን ጉልበቷ ላይ ያስቀምጥላታል። መጀመሪያ ላይ ዓይኗን ጨፍና ታሳልፈው ነበር። በአራተኛው ቀን እጇን ዘረጋች። እያንዳንዱን ታገላብጣለች፤ የላመውን ወደ ጎን ታደርጋለች፤ እሱም አውጥቶ ይጥላል። ሣጥኑ እየሳሳ ሄደ። እሱም እየከሳ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፊቱን ሲታጠብ ከክፍሉ ድምፅ ሰማ።

«እሺ!»

ሳሙናውን ከፊቱ ሳያጥብ ሮጠ። በግራ እጇ አንድ ድንች ይዛለች። መነጽሩን አድርጎ ቢያይ፣ ከተቆረጠው ቦታ ፈንጠር ብሎ የመርፌ ራስ የምታህል ወይን ጠጅ ነጥብ ብቅ ብላለች።

ከስድሳ አራቱ ሃያ ሦስቱ ነቁ።

የተከለው ከወትሮው አንድ ወር ዘግይቶ ነው። ወንበሯን ጓሮ በር ላይ አውጥቶ፣ እሷን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስቀመጣት። ሜትሩን አውርዶ ቦዩ ላይ ዘረጋ።

«ተው» አለችው።

«ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ነው የሚሉት…»

«ተው!» ደህናውን እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ መሬቱን ረገጠችው፤ ከዚያ ጡጫዋን አሳየችው። ከአንዱ ድንች እስከ ሌላው በአንድ እግሯና በአንድ ጡጫ ነበር የምትለካው። እሱ እግሩን አየ፤ ትልቅ ነው። ቤት ገብቶ ከአልጋው ሥር የእሷን ጫማ አመጣና እየተንበረከከ በዚያ ለካ።

«ሜትሬ!» አለ ሾፌሩ ከአጥሩ ማዶ። «ዘንድሮ ጫማ ነው እንዴ የምትተክለው?»

ሚስቱ በግማሽ ፊቷ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ድንቹ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ያጎነብሳል። ሰፊው ጠዋትና ማታ ያያል፣ አረም ይነቅላል፣ አፈር ያስታቅፋል፤ አንድም ቅጠል ግን አልቆረጠም። ሲያብብ ተሸክሟት ወጣ። እንደ ልጅ ቀላለችበት። አበባው ጥቂት ነበር፤ ወይን ጠጅ።

አገጯን ትከሻው ላይ አድርጋ አየችው። ከዚያ በግራ እጇ ከሸሚዙ ኮሌታ ላይ የተንጠለጠለች ክር ይዛ በጠሰችለት።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰ። ሐኪሙ እንዳለው ሆነ።

ለቅሶ ደራሹ ሲያልቅ፣ የድንቹ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ሰፊው ዶማ አልያዘም፤ በእጁ ነው የቆፈረው። ከየሥሩ ብዙ ወጣ፤ ግን ሁሉም ደቃቃ። ለምግብ የሚሆን ትልቅ አንድም የለም። እንቁላል የሚያህል አርባ አንድ አገኘ።

«አንድ እንኳ አንቀምስም?» አለች ልጅቷ።

«ዘንድሮ የለም» አላት።

በሣጥኑ ደርድሮ መደርደሪያው ላይ፣ ከነበረበት ቦታ መለሰው። ጫማዋንም ከጎኑ አስቀመጠ፤ ለመትከያው ያስፈልጋል።

ወራት አልፈው አንድ ጠዋት ዕቃ ቤቱን ሲከፍት፣ ድንቹ ሁሉ አናቱ ላይ ተንጨፍርሯል። እጁ ሳያውቀው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። መቀሷ እዚያው ነበረች። ነካት፤ ከዚያም ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ፣ ድንቹን እያየ ረጅም ጊዜ ቆመ።