«እጥፍ ነው» ያሉኝ አጎቴ

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አሶሳ ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። የእኛን የዘመድ ልጆች ደብተር ሲያዩ ጣታቸውን መልሱ ላይ አሳርፈው፣ «መመለሷንስ ቆጥረሻል?» ይሉ ነበር። የጋዝ ቅንጣት ግድግዳ መታ በመጣችበት ፍጥነት ስትመለስ፣ የሞመንተሟ (የግስጋሴዋ መጠን) ለውጥ ይዛው ከመጣችው እጥፍ ነው። ተማሪ ግን መምታቷን ብቻ ይቆጥርና ግፊቱን በግማሽ ያሳንሰዋል።

እኔም የእሳቸውን መንገድ ተከትዬ ባምባሲ የፊዚክስ መምህር ሆንኩ። ባለፈው ክረምት ታመው ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ለተማሪዎቼ ስለ ጋዝ ግፊት ያዘጋጀሁትን ወረቀት በኩራት አሳየኋቸው። አልጋቸው ላይ እንዳሉ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩበት።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ እጥፍ ነው» አሉኝ።

አብራኝ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ስለነበረች አፈርኩ። «ጋሼ፣ አሁን እንደዚያ አይሠራም» ብዬ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድኩ።

ቤቴ ገብቼ እንደገና ስሠራው ትክክሉ የእሳቸው ነበር። ለተማሪዎቼ አረምኩላቸው። ለእሳቸው ደውዬ «ተሳስቻለሁ» ማለት ግን ከበደኝ። ነገ እደውላለሁ እያልኩ ሳምንታት አለፉ፤ ከዚያ መርዷቸው መጣ።

ለቅሶ ደርሼ ለባለቤታቸው የሆነውን ሁሉ ተናዘዝኩ። የማያውቁ መስሎኝ ነበር።

«ነግሮኛል» አሉኝ። «‹ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ራሷ ታገኘዋለች። ስትደውል እንዳያመልጠኝ ስልኩን ቻርጅ አድርጊልኝ› ይለኝ ነበር።»

አልጋቸው ከክፍሉ ወጥቷል። ስልኩ ብቻ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ቀርቷል።