መጀመሪያ አስታጥቡት

ውሃ ከጆግ ወደ ሳፋ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ፣ የትም ሆኜ ብሰማው፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ወደነበረችው ቆርቆሮ ክዳን ክሊኒክ ይመልሰኛል። አባቴ የአካባቢው ብቸኛ ጤና ረዳት ነበር፤ ቤታችንም ከክሊኒኩ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ማታ ማታ ማዕድ ሲቀርብ ጆጉን ይዤ የማስታጥበው እኔ ነበርኩ። አባቴ ለምግብ ሲታጠብ አይቸኩልም፤ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሳሙናውን አገላብጦ፣ በጣቶቹ መሃል እያሸ እስከ ክርኑ ይደርስና ክንዴ እስኪዝል ያስቆመኝ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ግን እንዲህ አልነበረም፤ የአንዱን ቁስል ጠቅልሎ፣ እጁን በጋወኑ ጠረግ አድርጎ ወደ ቀጣዩ ያልፍ ነበር። ስንፍና ሆኖበት አይደለም። በኛ አገር ሰው ጨብጦህ ሲያበቃ እጅህን መታጠብ «ተጸየፍኩህ» ማለት ነው፤ አባቴ ደግሞ ሰው ማስቀየም አይወድም ነበር።

በአንድ ሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የእናቴ ታናሽ እህት የሺ ምጥ ይዟት መጣች። አባቴ ማረሻ የቆረጠውን የአንድ ገበሬ እግር እያከመ ነበርና፣ ሥራውን ጥሎ ሮጦ፣ እንደ ልማዱ እጁን በጋወኑ ጠርጎ አዋለዳት። ሴት ልጅ ተወለደች፣ እልል ተባለ። በሦስተኛው ቀን አክስቴን ትኩሳት አነደዳት፤ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ በጭቃ እየተንሸራተቱ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ወሰዷት። እዚያ አንዲት ነርስ አብሯት የሄደውን አባቴን «ሲያዋልዷት እጅዎን ታጥበው ነበር?» ብላ እንደጠየቀችው፣ እሱም «አልታጠብኩም» ብሎ እንደመለሰ፣ ተመልሶ ለእናቴ የነገራት ራሱ ነው። እናቴ አልጮኸችም። «ለአፍህ ስትታጠብ እስከ ክርንህ ነው፤ ለእህቴ ግን ጋወንህ በቃህ» አለችውና ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ማዕዳችን ጸጥ ያለ ነበር፤ እኔም ውሃውን ሳፈስለት ፊቱን ማየት እፈራ ነበር።

አክስቴ መስቀል ካለፈ በኋላ ተርፋ፣ ከስታና ጠቁራ ተመለሰች። በጥቅምት አባቴ ሳፋና ሳሙና ወደ ክሊኒኩ አስገብቶ «ከእንግዲህ ሳልታጠብ ሰው አልነካም» አለ። መጀመሪያ የተቀየሙት እማማ ጥሩ የሚባሉት ጎረቤታችን ናቸው። ራሱ የተፈነከተ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ አባቴን ጉንጩን ስመው፣ እጁን ጨብጠው እንዳበቁ እሱ ወደ ሳፋው ዞረ። «ምነው ልጄ! እኔን ጨብጠህ ትታጠባለህ? ይኸን ያህል ቆሸሽኩብህ?» አሉና ልጁን ጎትተው ወጡ። ወሬው ገበያ ደረሰ፤ «ሐኪሙ ሰው ተጸየፈ» ተባለ፤ ክሊኒኩም ጭር አለ። እናቴ እንኳ ልቧ ራርቶ «ሰው ከሚሸሽህ እስኪ ቀስ በል» ብትለው፣ «የሺ በቃሬዛ ስትሄድ አይቻለሁ፤ አልመለስም» አላት።

በሳምንቱ የልጁ ቁስል መግል ያዘ ሲባል ሰማና እኔን አስከትሎ እማማ ጥሩ ቤት ሄደ። እማማ ቢቀየሙም እንግዳ ጾሙን አይሰዱም፤ መሶቡን አቅርበው፣ ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ ውሃ አመጡለት። አባቴ እያፈሰሱለት እስከ ክርኑ ታጠበና፣ ወደ መሶቡ መቅረቡን ትቶ የልጁን ራስ ጨርቅ ይፈታ ጀመር።

«እማማ፣ አሁን ያስታጠቡኝ ተጸይፈውኝ ነው?»

«በስመ አብ! አክብሬህ ነው እንጂ!»

«እኔም ያን ለት የታጠብኩት ልጁን አክብሬ ነው።»

እማማ ጥሩ ጆጉን መልሰው አነሱ። ከዚያ «በል ድገም» ብለው የተረፈውን ውሃ አፈሰሱለት።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ብቻውን ታጥቦ አያውቅም። በሽተኛ ያመጣ ሰው ሁሉ ጆጉን አንስቶ ሐኪሙን ማስታጠብ ወግ ሆነ፤ እማማ ጥሩም ሌላ ሥራ የሌላቸው ይመስል ደጃፉ ላይ ተቀምጠው «መጀመሪያ አስታጥቡት!» እያሉ ያዝዙ ነበር። በገና ሰሞን እግራቸው የተላላጠ ተሳላሚዎች ሳይቀሩ ታዘዋቸዋል። ግንቦት ሲገባና ምንጩ ሲመነምን፣ እናቴ ከእንስራው ለክሊኒኩ አስቀድማ ቀድታ ታስቀምጥ ነበር፤ እኛ ልጆች ፊታችንን ሳንታጠብ ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። ስናጉረመርም «የናንተ ፊት ይቆያል፤ የሱ እጅ አይቆይም» ትለናለች። ኩርፊያዋ እንዳለቀ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ እኔም አዋላጅ ነርስ ነኝ። በምሠራበት ሆስፒታል የቧንቧ ውሃ አለ፣ ፈሳሽ ሳሙና አለ፣ አስተጣጠቡም በሥዕል ተለጥፏል፤ ግን የምንታጠበው ፊታችንን ለግድግዳ ሰጥተን ነውና ታጠብን አልታጠብን የሚያየን የለም፤ በጥድፊያ ሳይታጠቡ የሚያልፉም አሉ። ያኔ ውሃው ጥቂት ነበር፤ የሚያስታጥብ ሰው ግን አይጠፋም ነበር። ባለፈው ክረምት፣ ያች በሐምሌ የተወለደች የአክስቴ ልጅ ምጥ ይዟት መጣች። አክስቴ የሺ ከኋላዋ ተከትላ ገባች። ሰላም ልትለኝ አልተጠጋችም፤ በዓይኗ ጆግ ፈልጋ አጣች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ ቧንቧውን ከፈተችልኝና፣ እስከ ክርኔ ታጥቤ እስክጨርስ አጠገቤ ቆማ ጠበቀችኝ።