ለአበልጅ ሲባል ያልተላከ ማስታወቂያ

ኤውሴቢዮ ባሪየንቶስ በዚያ በሚጠብሰው የፍሎሪዳ ፀሐይ ጣሪያ ሲያለብስ ነው የሸበተው። ከፍታ አይፈራም፣ ሰው ማስቀየም ግን ይፈራል። ጉድ ያፈላበትም ይኸው ይሉኝታው ነው።

በባሕሩ ዳርቻ ያለውን ትልቅ ቪላ ለመሥራት ከቤቱ ባለቤት ጋር የተዋዋለው ተቋራጭ ራሞን ነበር። ራሞን የኤውሴቢዮን ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው፤ የጣሪያውን ሥራም ለእሱ ሰጠው። ኤውሴቢዮ የጣሪያውን ሸክላ የገዛው የገዛ ቤቱን አስይዞ በብድር ነው።

በዚያ አገር ሕግ፣ በተቋራጭ ሥር የሚሠራ ሰው ሥራ በጀመረ በአርባ አምስት ቀን ውስጥ «እኔም እዚህ ቤት ላይ እየሠራሁ ነው» ብሎ ለቤቱ ባለቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያላሳወቀ ሰው ተቋራጩ ቢክደው የሠራበትን ቤት በዕዳው ማስያዝ አይችልም። የኤውሴቢዮ ሚስት ማሪሴላ ማስታወቂያውን ሞልታ አዘጋጀችለት።

«ላከው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«አበልጄን ሌባ ልበለው?»

«ማን ሌባ አለው? ደንብ ነው።»

«ልጄን ያቀፈ ሰው ነው፣ ማሪ። አፍራለሁ። ተይኝ በቃ።»

ተወችው። ቀኑም አለፈ፣ ጣሪያውም አለቀ። ራሞን ክፍያውን «ነገ» ሲል፣ «ሰኞ» ሲል ከርሞ አንድ ቀን ስልኩን ዘጋ። ድርጅቱ ከስሮ ከተማውን ለቆ ሄዷል አሉ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!

ኤውሴቢዮ ባርኔጣውን አውልቆ የቪላዋ ባለቤት ወይዘሮ ዊትከም በር ላይ ቆመ። 

«እባክዎ እመቤቴ፣ አበዳሪዎቼ ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው።»

«እኔ እኮ ለራሞን ሁሉንም ከፍዬ ጨርሻለሁ» አለች፤ እውነትም አዝናለች። «ምነው አንድ መስመር ቢጽፉልኝ? የርስዎን ቆርጬ አስቀርልዎ ነበር። ቧንቧ የሠራው ሰውዬ ገና ሥራ ሲጀምር ነው ማስታወቂያውን የላከልኝ፤ ገንዘቡን አስቀርቼ በእጁ ሰጠሁት።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ሄክተር ነው ስሙ።»

ኤውሴቢዮ መኪናው ውስጥ ገባ። ለሚስቱ ደወለላት።

«ማሪ፣ ሄክተር ማስታወቂያ ልኮ ነበር።»

«የቱ ሄክተር?»

«የራሞን ወንድም። የእናቱ ልጅ።»

«ነግሬህ ነበር» ትለኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ምነው ባለችኝ ብሎም ተመኘ።

«መቼ ነው ቤቱን ልቀቁ የሚሉን?» አለችው።