በአንድ ቃል የሄደው ጠዋት

የሰፈሩ ሰው ቁልፍ ቀራጩን በስሙ አይጠራውም፤ «ጌታው ይሁን» ነው የሚለው። ወንበሩን ሲወስዱበት «ይሁን»፣ ተራውን ሲነጥቁት «ይሁን» ስለሚል ነው። ያልገባቸው ነገር ግን የእርሱ «ይሁን» መልስ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። በደንብ ያደገ ሰው «እንካ» ሲሉት «የለም፣ አንተው ያዘው» ማለት ያውቃል ብሎ ያምን ነበር።

ከሚስቱ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የንትርክ ነበሩ፤ ያውም ጠዋት ጠዋት፣ ትንሿ ልጃቸው ቁርሷን ትታ ጥፍሯን እየበላች። መለያየቱ እንደማይቀር ሲታወቅ ሚስቱ ከሥራ ቦታ የሰማችውን አመጣች።

«ፍርድ ቤት አንካሰስ። አንተም ጠበቃ ያዝ፣ እኔም እይዛለሁ፤ አንዲት የቤተሰብ አማካሪ ትጨመርና በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን እንጨርሰው። ልጄ ዳኛ ፊት ቆማ ‹ማንን ትመርጫለሽ› እንድትባል አልፈልግም።»

«ይሁን» አላት። ይህኛው ከልቡ ነበር።

ሁለቱም ጠበቃ ይዘው፣ ወደ ክስ ላይሄዱ ፈርመው ጀመሩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ያሳያል፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጆግ ውሃና አንድ ካርቶን ሶፍት አለ። መነጽር ያደረገችው ወጣት አማካሪ ገና በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለች፦

«እዚህ ማንም የማንንም ልብ አይገምትም። የምትፈልጉትን በአፋችሁ ተናገሩ። ያልተነገረ አይጻፍም።»

ቤቱ ለልጅቷና ለእናቷ፣ ቅዳሜና እሁድ ለእርሱ ሆነ። እርሱ ግን አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት ማድረስ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጇን ይዞ የሚያደርሳት እርሱ ነው፤ ሱቁም ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው። በየመንገዱ የተቆለፈ በር ባየች ቁጥር «አባዬ፣ ይሄንን ትከፍተዋለህ?» ትለዋለች። «እከፍተዋለሁ።» «ያንንስ?» «ያንንም።» እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በዚህ ይዘልቃሉ።

የጠዋቱ ጉዳይ ተራው ደረሰ። ሚስቱ፣ «ትምህርት ቤቱ ጠዋት ለሥራም መንገዴ ላይ ነው፤ እኔ ላድርሳት? ምን ትላለህ?» አለችው።

አራት ሰው አየው። ባዳ ፊት የገዛ ልጁን እጅ ለመያዝ መለመን ሞት መሰለው። ደግሞስ አሥራ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ይህን ሳይነግራት ታጣዋለች?

«ይሁን፤ አንቺ አድርሻት» አለና «የለም፣ ይሄስ የአንተ ነው» እስክትለው ጠበቀ።

እሷ ግን ደግማ ጠየቀችው። «እርግጠኛ ነህ?»

«አልኩ እኮ!»

አማካሪዋ ጻፈች።

ጎረቤቱ ጫማ ሠሪው ይህን ሲሰማ ጉልበቱን መታ። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው በር ስትከፍት ትውላለህ፣ የራስህን አፍ መክፈት አቃተህ! ከሦስት ወር በኋላ ትገናኛላችሁ ተብላችሁ የለም? ያኔ ተናገር።»

ሦስቱን ወር ሙሉ የቁልፍ መቅረጫ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር አጠና፦ «ጠዋት ልጄን እኔ ላድርሳት።»

ቀኑ ደርሶ በዚያው ጠረጴዛ ተቀመጡ። ቀድማ የተናገረችው ሚስቱ ነበረች።

«ጥፍሯ አድጓል» አለች። «እየዘፈነች ነው የምትለብሰው። አስተማሪዋ ‹ምን አገኘች?› ብላ ጠየቀችኝ። ጠዋታችን ሰላም ሆነ።» ወደ እርሱ ዞረች። «አንተም ለእሷ ብለህ ማድረሱን ተውክልኝ። አመሰግናለሁ።»

«እርስዎስ ጋሼ?» አለች አማካሪዋ። «የሚለወጥ ነገር አለ?»

ያጠናት ዓረፍተ ነገር ጥርሱ ድረስ መጣች። ፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ ዳኛውን ይረግም ነበር፤ ተበደልኩ ብሎም ከጫማ ሠሪው ጋር ይብሰለሰል ነበር። እዚህ ግን የበደለው ሰው የለም። ሁለት ጊዜ ጠይቀውታል።

«ምንም። ደህና ነው።»

ይህም ተጻፈ።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን አስነስቶ የአንድ ደንበኛ ቁልፍ ሲቀርጽ የሚያውቀው ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። ልጅቷ አንድ የተቆለፈ ሱቅ እያሳየች፣ «እማዬ፣ አባዬ ይሄንን ይከፍተዋል!» ትላለች።

«ይከፍተዋል የኔ ልጅ። ነይ፣ እንዳይረፍድብን።»

ቀና አላለም። እግራቸው እስኪርቅ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ፤ ማሽኑ ጥርሶቹን በልቶ ጨረሳቸው።

«ምነው ጌታው! አበላሸኸው እኮ!» አለ ደንበኛው።

«ሌላ እሠራልሃለሁ» አለው።